ማንኩሳ፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለች መንደር

በእንግሊዝ አገር ወደ አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር የገባ መንገደኛ የመንደሪቱን ታሪክ ለማወቅ ቢወድ ብዙ አይደክምም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ መዝገቡን ቢያይ ይበቃዋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1538 ዓመት፣ በ8ኛው ሄንሪ ዘመነ መንግሥት፣ ቶማስ ክሮምዌል የሚባለው የንጉሡ ባለሟል በየደብሩ የተጠመቀው፣ የተጋባውና የተቀበረው ሰው ስሙ በየሳምንቱ እንዲጻፍ አዝዞ ነበርና፤ የብዙ መንደር መዝገብ ከዚያ ዘመን አንሥቶ ይገኛል። ከዚያም አስቀድሞ በ1086 ንጉሡ ዊልያም አገሩን አስቈጥሮ፣ በየመንደሩ ስንት ማረሻ፣ ስንት ወፍጮና ስንት ጭሰኛ እንዳለ አስጽፎ ነበረ። ባላገሩም ከዚያ መጽሐፍ ቃል የሚያመልጥ የለም ሲል «የፍርድ ቀን መጽሐፍ» ብሎ ሰየመው። ስለዚህ መቶ አባወራ የማይሞላባት መንደር እንኳ ድልድይዋ መቼ እንደ ተሠራ፣ ደወሏን ማን እንደ ሰጠ ለጠየቃት ሁሉ ትመልሳለች።

የእኛ አገር መንደር ግን ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲቀርብላት ዝም የምትል ይመስላል። ዝም ማለቷ ታሪክ ስለሌላት አይደለም፤ ታሪኳን ያኖረችበት ዕቃ ከእንግሊዞቹ ዕቃ ልዩ ስለ ሆነ ነው እንጂ። ይህን ለማስረዳት ማንኩሳን መርጫለሁ። ማንኩሳን ያላያት ሰው ብዙ ነው፤ ስሟን ያልሰማ ግን ማንበብ ከሚያውቁት መካከል ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ጐዳና ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ይህች ከተማ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበረ። ከዚያ ወደ ቡሬ ሲቀጥል በመካከል ማንኩሳን ያገኛል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ቡሬ ግን ከ2000 ሜትር ታልፋለች፤ ስለዚህ መንገደኛው ሳይታወቀው ቀስ እያለ ዳገት ይወጣል። ጥቁር አፈሩና ቀይ አፈሩ እየተፈራረቀ ጤፍና በቆሎ ያበቅላል፤ ከሁሉም ይልቅ አገሩ የታወቀው በበርበሬው ነው። መከር በሆነ ጊዜ ቀዩ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ሲታይ የማያስነጥሰው እንግዳ የለም። በርበሬ ግን ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ፖርቱጋሎች ባሕር ካቋረጡ ወዲህ እንጂ ከዚያ በፊት ቅድመ አያቶቻችን አልቀመሱትም። ወጡ ያለ በርበሬ ወጥ የማይመስለው ባላገር ይህን ቢነግሩት አያምንም።

የአገሩም ስም ቢሆን እንደ በርበሬው ከሩቅ የመጣ ነው። ማንኩሳ ዛሬ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ትቈጠር እንጂ በቀድሞው አጠራር የዳሞት መንደር ናት። ዳሞት ግን አስቀድሞ ከዓባይ ወዲያ ማዶ በስተ ደቡብ የነበረ ሰፊ አገር ነበረ። ገድለ ተክለ ሃይማኖትን የሚያነብ ሁሉ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን የማረከውን የዳሞቱን ንጉሥ ሞተለሚን ያውቀዋል፤ ያ ዳሞት ይህ ዳሞት አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ያን አገር ወደ ግዛታቸው አገቡት። ከዚያ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት ኦሮሞዎች ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ በተስፋፉ ጊዜ ከዳሞት ሕዝብ ብዙው ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ምድር ሰፈረ፤ ስሙንም ይዞት ተሻገረ። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት እንግሊዞች የለቀቁትን የቦስተንን ስም ወስደው በአዲሱ ምድር እንደ ተከሉት፣ የዳሞትም ሰዎች አዲሱን አገር በአሮጌው ስም ጠሩት። እንግዲህ ማንኩሳን ከነዙሪያዋ የጥንት ዳሞት አድርጎ ገድሉን በእርሷ ላይ የሚተረጕም ሰው ቢገኝ፣ ስሙ ወንዝ እንደ ተሻገረ ሊያስታውሱት ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዓምደ ጽዮን ዳሞትን መያዛቸውን ከምናውቅባቸው ምስክሮች አንዱ በሐይቅ እስጢፋኖስ በሚገኘው በአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ የተጻፈው የርስት ስጦታ ቃል ነው። ይኸውም አንድ ጸሓፊ፣ ስለ መሬት ሲጽፍ፣ የጦርነቱን ወሬ አብሮ በወንጌሉ ላይ አኖረው። የኢትዮጵያ መንደር መዝገብ በምን ዓይነት ዕቃ እንደ ተቀመጠ ከዚህ ይታያል።

ታሪክ ጸሓፊዎችና እንግዶች በማንኩሳ ዙሪያ አላለፉም ማለት አይቻልም። ከዚህ አገር በስተ ሰሜን በሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭ አለ፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን መምህር በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋራ ሄዶ አየው፤ ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ1763 ዓ.ም.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደርሶ ከእኔ በፊት ኤውሮፓዊ አላየውም ብሎ ተከራከረ። የሁለቱም ልብ ከምንጩ ላይ ነበረ። በዘመነ መሳፍንትም ዳሞትንና ጎጃምን የገዙት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከዚህ ምድር ጦር ሲያስከትቱ ኖረው፣ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከደጃዝማች ካሣ ጋራ ተዋግተው ሞቱ። ካሣም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ናቸው። ዜና መዋዕል የሚጽፈው ንጉሥ ወይም መስፍን ድንኳን የተከለበትን ቦታ ነው፤ ድንኳኑ ሲነቀል ብዕሩም አብሮ ይነሣል። ዘማቹ እህሉን የበላበት ገበሬ በማግሥቱ ምን እንደ ዘራ አይጽፍም።

ስለ ቡሬ ገበያ ግን ጥቂት ልናገር። ቡሬ ከጎጃም ወደ ወለጋ ለሚሻገረው ነጋዴ በር ነበረች፤ ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣ ነበረ፤ ከወዲህም አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይሄድ ነበረ። በዚያው መንገድ ሰውም ተነድቶ ይሸጥ ነበረ። ስለ አገሩ ንግድ ሲጽፉ ወርቁንና ዝባዱን ብቻ ቈጥሮ ይህን መዝለል ልማድ ሆኗል፤ ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። በማንኩሳ ደጅ ያለፈው ጐዳና ሁሉንም ያየ ነው።

አሁን ወደ መንደሪቱ ልመለስ። የእንግሊዝ መንደር ሰው የአባቶቹን ስም በደብሩ መዝገብ ቢያገኝ፣ የዳሞት ባላገር ደግሞ በአፉ ይዞት ይኖር ነበረ። ይህም ለጨዋታ አልነበረም። የጎጃም መሬት ርስት ነበረና፣ ርስቱም አገሩን መጀመሪያ ከያዘው ከዋናው አባት በልጆቹ በምንዝር አባቶች እየተከፈለ የሚወርድ ስለ ነበረ፤ መሬት ይገባኛል የሚል ሰው በሽማግሎች ፊት ቆሞ ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን መቍጠር ነበረበት። አንድ ስም የዘለለ ሰው ዕጣውን ያጣል፤ አንድ ስም የጨመረም ይረታል። በእናትም ወገን መቍጠር የተፈቀደ ስለ ሆነ አንድ ሰው በአራት በአምስት ደብር ይገባኛል ይላል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት መርምሮ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ሙግት ያለበት አገር ክፉ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ በዳሞት ግን የመንደሩን ታሪክ ጠብቆ ያኖረው ሙግቱ ነው። ሰው የሰባት አባቱን ስም የሚያጠናው ነገ የሚከሰስበት ስላለ ነበረ።

የመሬት መለካትና የግብር ነገር በተነሣ ቍጥር ጎጃም የሚቈጣው ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ባላገሩ ሸፍቶ፣ ርስቴ ሊለካ ነው ብሎ ተዋጋ፤ በመጨረሻም እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው የሚለው አዋጅ ታወጀ፤ ርስትም ቀረ። አዋጁ ጭሰኛውን ከገባርነት ማውጣቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ማንም ያላሰበው አንድ ነገር አብሮ ሆነ። ትውልድ መቍጠር ዕጣ የማያስገኝ ሆነ፤ የማይጠቅመውንም ነገር ልጅ አያጠናም። ያን ጊዜ ጕልማሳ የነበረው ዛሬ አርጅቷል። እርሱ የሚያውቀውን ልጁ በግማሽ ያውቃል፤ የልጅ ልጁም የአያቱን አባት ስም ሲጠየቅ ወደ አያቱ ፊት ይመለከታል።

የቀረው እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የያዘችው ነው። በየደብሩ ወንጌልና ተአምረ ማርያም ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ፣ እገሌ ይህን መሬት ለመቅደሱ ሰጠ፣ እገሊት ይህን መጽሐፍ በገንዘቧ አጻፈች፣ በእገሌ መምህርነትና በእገሌ ገበዝነት ይህ ሆነ የሚል ቃል ይገኛል። አንዳንዱ የአንበጣውንና የረኃቡን ዓመት ጽፏል። መንገደኛው ወደ አንድ የዳሞት ደብር ሲገባ የሚያየው ጽዱን፣ ወይራውንና ክቡን ቤት ነው፤ ከሥዕሉም ፊት ቆሞ ይደነቃል። የመንደሩ ታሪክ ግን በዕቃ ቤቱ በማኅደር ውስጥ ነው።

ከዚህ ጋራ የቆሎ ተማሪው ጎጆ ሊዘነጋ አይገባም። ጎጃም በቅኔ የተመሰገነ አገር ነው፤ የቅኔ ቤቶች ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ተብለው ሲከፈሉ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከመንደር መንደር ይዞር ነበረ። ቁራሽ የሰጠችው ሴት ከአገሯ ሳትወጣ የሊቃውንት አሳዳጊ ናት። ስሟ ግን በምንም መጽሐፍ አልተጻፈም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። በጎዛምን በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል፤ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ዘምተው ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ታስረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በዛብህን ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ልጁም ሚስት ሳያገባ መቅደስ እንዲያገለግል ሆነ። ከዲማ ተምሮ ወጥቶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር የደረሰበትን አንባቢ ያውቀዋል። መጽሐፉ በራዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከተነበበ ወዲህ ደግሞ ፊደል ያልቈጠረው ሁሉ ሰማው። በዚህ ምክንያት በማንኩሳ ከኖሩት ሰዎች ይልቅ ያልኖሩት ታወቁ። በማንኩሳ የርስት ክርክር ቢነሣ ለቦጋለ መብራቱ የሚመሰክርለት ሽማግሌ አይገኝም፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ቤቱ የት ነበረ ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይሆንም።

ስለ ስለቱ ነገር ለካህናት አንባብያን አንድ ቃል ብጨምር ይቅር ይሉኛል። ልጅን ለቤተ እግዚአብሔር መሳል ከሐና የመጣ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ሐና ሳሙኤልን ከመወለዱ በፊት ተስላ ነበረችና። ነገር ግን ሳሙኤል አግብቶ ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ሁለት ልጆች እንደ ነበሩት ያው መጽሐፍ ይናገራል። እንግዲያስ ልጁን ከጋብቻ የሚከለክለው ስለት የሐና ስለት አይደለም፤ ወላጆች በፍርሃት የጨመሩት ነው። ደራሲው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነቀፉ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነበረ። የበዛብህ መከራ ከሕጉ አልመጣም፤ ሕጉን ካለ መጠን ከማጥበቅ መጣ።

መጽሐፉ የማይነግረን ሌላ የማንኩሳ ታሪክ ደግሞ አለ። ኢጣሊያ አገሩን በያዘ ጊዜ በደብረ ማርቆስና በዳንግላ መካከል ባለው ጐዳና ምሽግ ሠርቶ ነበረ፤ ከነዚያ አንዱ በማንኩሳ ነበረ። በምዕራብ ጎጃም የነበሩት አርበኞች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበረ። (የአባትየው ስም ከልቦለዱ ሰው ስም ጋራ መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) ከሱዳን የመጣው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1933 ዓ.ም. መባቻ አስታረቃቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ኮሎኔል ዊንጌትም ሱዳናውያንንና ኢትዮጵያውያንን ይዞ ገባ፤ ጦሩንም፣ ሦስት መቶ ሰዎች ይዞ ምድያምን ድል ባደረገው በመስፍኑ ስም፣ የጌዴዎን ጦር አለው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ በቡሬ የነበረው ኮሎኔል ናታሌ ብዙ ሺህ ወታደር ሲኖረው ከፊቱ የመጡበት ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ስንቅ የተጫኑት ግመሎች አብዛኞቹ የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻሉም፤ በመንገድ ቀሩ።

የካቲት 20 ቀን በቡሬ ተኵስ ተከፈተ። ዊንጌት ቡሬን ሙሉ ኃይሉን አሰልፎ አልገጠመም፤ ከፊሉን ትቶ ወደ ማንኩሳ አልፎ ምሽጉን አስጨነቀ። ናታሌ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስበት ጐዳና እየተዘጋበት ስለ መሰለው፣ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወጣ። በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሲያመራ፣ በደረቅ ወንዝ አፋፍ ላይ የሰፈረ አንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጦር ከፊቱ አገኘ። እነዚህ ሰዎች በኬንያ በስደት ከነበሩት የተሰባሰቡ ነበሩ። የካቲት 27 ቀን ማለዳ ያ ሁሉ ወታደርና የብረት ለበስ መኪና በላያቸው መጣ። ቦታው ለመከላከል የተመረጠ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳይሸሹ ተዋጉ፤ ብዙ ገደሉ፤ ከነርሱም ብዙ ሞቱ፤ ናታሌም ጥሶ አለፈ። ኢጣሊያኖቹ ያን ያህል ሠራዊት ሳይማረክባቸው ስላመለጡ ይህን ውጊያ በሽንፈት የሚጽፈው ብዙ ነው። እኔ ግን አገራቸውን ከስንት ዓመት በኋላ ያዩት እነዚያ ስደተኞች በዳሞት ሜዳ የከፈሉትን ሳስብ በዚያ ፍርድ አልስማማም።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ወር ቡሬ ገብተው ሰነበቱ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በየዓመቱ የምናከብረው የመጨረሻውን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ለሁላችን ቅርብ ነው። በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ አገሩ እህል ወደ ፋብሪካ ይልካል ተባለ። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ አገር ጦርነት በተነሣ ጊዜ በፍኖተ ሰላም ከሰማይ በወረደ ፍንዳታ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የከተማይቱን ስም ለሚያውቅ ሰው ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

እንዲህ ባለ ጊዜ መጽሐፍ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ በዋሻ ተደብቆ ይረሳል። ከ1965 ዓ.ም. አንሥቶ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ከ9000 የሚበልጡት በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠዋል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከሸዋና ከአዲስ አበባ ዙሪያ የተገኙ ናቸው። ያልተነሡት ከተነሡት እጅግ ይበዛሉ። በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ ዙሪያ የሚያገለግሉ ገበዞችና አለቆች የየደብራቸውን ወንጌል ኅዳግ ገልብጠው፣ በአገሩ ካሉት ሽማግሎችም ትውልድ መቍጠር የሚችለውን አንዱን አስቀምጠው፣ ከዋናው አባት እስከ እርሱ ድረስ ያለውን ስም፣ ቁራሽ ትሰጥ የነበረችውንም ሴት ስም ጭምር፣ ቢያስጽፉ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃቸዋል።